ጉድባው ከሰማይ አይታይም

ሰሞኑን ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል ሳይታረም እንዳያድር ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። «የ1887ቱን የወላይታ ጦር ሜዳ በሞዴል ለመሥራት የከፍታ መረጃውን ከኢንተርኔት አውርዶ በስሪዲ ማተሚያ ማተም ነው፤ ቅንጣት ሳይዛነፍ ይወጣል» ይባላል። አይወጣም።

ታሪኩ የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ዓመት ወላይታ ላይ ዘመቱ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ዘመቻውን ተከትሎ ያየውን ጻፈ። ወደ መሬቱ እንለፍ።

ብዙ ሰው የሚያወርደው የከፍታ መረጃ የተለካው በየካቲት 1992 ዓ.ም.፣ ኢንደቨር በተባለችው መንኮራኩር ነው። አንዱ የራዳር አንቴና መንኮራኩሯ ላይ፣ ሌላው በ60 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ነበር። በሁለት ዓይናችን ርቀትን እንደምንገምት ሁሉ፣ ከመሬት ነጥሮ የተመለሰው ሞገድ ሁለቱ አንቴናዎች ጋ ሲደርስ የሚኖረው ጥቂት ልዩነት ከፍታውን ይናገራል። ውጤቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት 30 ሜትር በ30 ሜትር ያህል ሆኖ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። የወላይታ ሰው ለመከላከያ የቆፈረው ጉድባ ወርዱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ቁና ውስጥ እንደ ወደቀች የጤፍ ፍሬ እዚያው ይጠፋል።

ራዳሩ የሚነካውም አፈሩን ብቻ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ሲያገኝ ከቅርንጫፉ ይነጥርና ጉብታ በሌለበት ጉብታ ይመዘግባል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ገና አልተስፋፋም ነበር። እንግዲህ የጦና ፈረሰኞች ያልወጡትን ኮረብታ ጠረጴዛ ላይ እናቆማለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ እኛ ቀያሾችም እንከራከራለን። መረጃው ሲታቀድ የተፈቀደለት የከፍታ ስህተት እስከ 16 ሜትር ነበር፤ ሲፈተሽ ግን ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሞገዱም ቅጠሉን በከፊል ያልፈዋል። ስለዚህ ጉብታው ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ለወላይታው ዳሞታ ተራራ ቅርጽ መረጃው ይበቃል፤ ለጉድባ ግን አይበቃም።

አሁን ስኬሉ። («መጠን» ብል ግዝፈት፣ «ልኬት» ብል መለካት ስለሚመስል፣ በሥራ ላይ የምንለውን «ስኬል» መርጫለሁ።) 10 ኪሎ ሜትር ሜዳ 2 ሜትር ጠረጴዛ ላይ ሲሰፍር ስኬሉ 1 ለ5,000 ነው። በካርታ ላይ ያለው የ20 ሜትር የኮንቱር (የእኩል ከፍታ መስመር) ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር ፎም ይሆናል፤ ፎሙን በኮንቱሩ ቅርጽ እየቆረጡ እንደ እንጀራ መደራረብ ነው። 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድባ ግን 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በጥፍር የተጫረ ያህል ነው። በዚሁ ስኬል 28 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው የአሻንጉሊት ወታደር ደግሞ የ140 ሜትር ሰው ነው!

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞዴል ሁሉ ሁለት ስኬል አለው፤ አንዱ የመሬቱ፣ አንዱ የወታደሩ። ጉድባው በወታደሩ ስኬል በእጅ ተቆፍሮ መግባት አለበት፤ ቦታውም የሚገኘው ወላይታ ሶዶ ወርዶ፣ አገሩን የሚያውቁ አባቶችን ይዞ፣ በእግር በመሄድ ነው።

ሞዴል የምትሠሩ ወጣቶች፣ አደራ፦ ሁለቱንም ስኬሎች በሞዴሉ ጠርዝ ላይ ጻፉ። የተለካውን በአንድ ቀለም፣ በግምት የተሠራውን በሌላ ለዩ። ያ መሬት ሰው የሞተበት ነውና ያልነበረ ኮረብታ አትጨምሩበት፤ የነበረ ጉድባም አትድፈኑበት።