በሬው ከሞተ በኋላ የሚደርስ እርዳታ

በኢትዮጵያ ከብቶቹ በድርቅ ወይም በበሽታ ላለቁበት ገበሬ የሞቱትን ቆጥሮ ዋጋቸውን በገንዘብ መተካት የተለመደ የመንግሥት አሠራር አይደለም። ከወሎ ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የአደጋ ድጋፍ በዋናነት እህል ሲሆን፣ ለከብቱ የሚደርሰው መኖ፣ ክትባትና በቦቴ የሚመላለስ ውኃ ከእህሉ ኋላ ይከተላል።

ሰውን ማስቀደሙ አይነቀፍም። ሆኖም በጅባት ወረዳ በሸነን ዙሪያም ሆነ በአምቦና በጉደር ገጠሮች እርሻንና ከብት እርባታን አጣምሮ ለሚኖረው ገበሬ በሬ የማረሻ ጉልበቱ ስለሆነ፣ አንዱ የሞተበት ሰው መቀናጆ በሚባለው ልማድ በሬውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ጋር አጣምሮ በተራ ያርሳል፤ ሁለቱም የሞቱበት ግን መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ለሌላው ለመተው ይገደዳል። ስለዚህ የጉዳቱ ሙሉ ልክ የሚታወቀው በሚቀጥለው መኸር፣ የአደጋው ወሬ ከተረሳና እርዳታውም ከቆመ በኋላ ነው።

በሬ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል አገሪቱ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን አይታለች፤ ደስታ የተባለው ወረርሽኝ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጅቶ የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ ረሃቡ ሰውን ጨርሷል። ይህ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ኃይል ነው፤ ስለሆነም ቢሾፍቱ ላይ ክትባት ለሚያመርተው ተቋምና መርፌውን ይዞ ቀበሌ ድረስ ለሚዘልቀው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚወጣው ገንዘብ፣ የአደጋ ድጎማ ተብሎ ባይጠራም፣ ከድጎማዎች ሁሉ ይበልጣል።

በድርቅም ቢሆን የሚጠቅመው ቀድሞ የደረሰው ነው። በ1998 ዓ.ም. በሞያሌ አካባቢ ነጋዴዎች በብድር ተደግፈው ወደ 20,000 የሚጠጉ ከብቶችን ከመሞታቸው በፊት ሲገዙ፣ አርብቶ አደሩ በገንዘቡ ለቤተሰቡ እህል፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ መግዛት ችሏል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በቦረና የእንስሳት መድን ጀመረ። ይህ መድን የሞተውን ከብት አይቆጥርም፤ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ለክቶ ከተወሰነው ወለል በታች መውረዱን ሲያሳይ አረቦን ለከፈለው ሁሉ ካሳ ይከፍላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉና የቦረና መንጋ ሲረግፍ፣ እንዲህ ያለ ዋስትና አስፈላጊ መሆኑ ጎልቶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ለደጋው ገበሬ ይኸው መለኪያ አይበጅም፤ ግጦሹ ለምልሞ እያለ በአባ ሰንጋ አንድ በሬ ቢሞትበት፣ ሳተላይቱ የሚያየው ጉዳት አይኖርም።

ለሸነን የሚቀርበው ምሳሌ ቡሳ ጎኖፋ ይመስላል። በዚህ የኦሮሞ የመረዳጃ ሥርዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሳው ከብት ተዋጥቶለት እንደገና ይቋቋማል፤ የኦሮሚያ ክልልም ሥርዓቱን በቅርብ ዓመታት በአባላት መዋጮ የሚደገፍ ተቋም አድርጎታል። ተቋሙ እህል ማከፋፈሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በስሙ የተጠራበት ልማድ የሚሰጠው ከብት ስለሆነ፣ ከመዋጮው የተወሰነው ለበሬ መግዣ ተለይቶ ክረምቱ ከመግባቱና መሬቱ ለእኩል ከመሰጠቱ በፊት በሬ አልባ ለሆነው ገበሬ ሊደርስ ይገባል።