ከመዶሻው ጀርባ፦ ስለ ጁሊ ምሕረቱ በጓዳ የሚወራው

በሥዕል ንግድ ውስጥ የምንኖር ሰዎች አደባባይ ላይ ስለ ውበት እናወራለን። ጓዳ ስንገባ ግን ወሬያችን ሌላ ነው፦ ማን ገዛ፣ ማን ተከለከለ፣ ማን ዞር ብሎ ሸጠ። ስለ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህን የጓዳውን ነው፤ የእኛ ሰው ስለ እሷ ሲያነሳ የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በአንድ ቁጥር ነውና።

ቁጥሩ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒውዮርክ ላይ ሶዝቢስ የተባለው ጨረታ ቤት ባካሄደው ጨረታ የ2008 ሥራዋ በዚህ ዋጋ ተሸጠ። አፍሪካ ውስጥ ለተወለደ ሠዓሊ ሥራ እስከዚያ ቀን በጨረታ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ሆንግ ኮንግ ላይ የ2001 ሥራዋ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። ዜናው በየቤታችን በደስታ ተነበበ።

ከዚያ ገንዘብ ለእሷ በሕግ የሚገባት ስንት ነው? ምንም። አሜሪካ ውስጥ ሥዕል ዳግም ሲሸጥ ለሠዓሊው ድርሻ የሚያስከፍል የፌዴራል ሕግ የለም። ሠዓሊ የሚከፈለው ሥራው ከስቱዲዮ ወጥቶ መጀመሪያ ሲሸጥ ነው፤ ያንንም ብዙውን ጊዜ ከጋለሪው ጋር እኩል ይካፈላል። የጨረታው ሚሊዮን የሻጩና የጨረታ ቤቱ ነው።

ስለ ጨረታው ራሱም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አብዛኛው ሥዕል ከዚያ በታች የማይሸጥበት ምስጢራዊ ወለል ዋጋ አለው። እዚያ እስኪደረስ አጫራቹ ከሚጠራቸው ዋጋዎች አንዳንዶቹን ከአዳራሹ ማንም አላቀረባቸውም፤ ኒውዮርክ ውስጥ ይህ የተፈቀደ አሠራር ነው። ለትልልቆቹ ሥራዎች ደግሞ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት ቃል የገባ ሰው ከጀርባ ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በፍርሃት ነው፤ አደባባይ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ ሥዕል ለዓመታት ገዢ ይሸሸዋልና።

ጋለሪዎችም ጨረታን ይፈራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ አይሸጥለትም። ቅድሚያ ለሙዚየም ይሰጣል፤ ቀጥሎ ሥራውን ይዞ እንደሚያቆይ ለታመነ ሰብሳቢ። ገዢው መሸጥ ቢፈልግ መጀመሪያ ለጋለሪው እንዲያቀርብ ቃል ይገባል። ወረፋ አለ ይባላል፤ ዝርዝሩን የሚያየው ግን የጋለሪው ባለቤት ብቻ ነው።

ያ ዝርዝር አንድ ጊዜ በአደባባይ ተገልጧል፤ የተገለጠውም በጁሊ ሥዕሎች ምክንያት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሰብሳቢ በወቅቱ ለሚወክላት የኒውዮርክ ጋለሪ 75 ሺህ ዶላር ሰጠ። በምላሹ ከጋለሪው ሥራዎች ቀድሞ የመምረጥ መብትና የ30 በመቶ ቅናሽ ተገባለት። ሰውዬው የፈለገው የእሷን ሥዕሎች ነበር። እነሱ ግን ወደ ሌሎች ሲሄዱ አየ፤ በ2004 ከሰሰ። ፍርድ ቤት ሲገባ በሹክሹክታ ብቻ ይነገር የነበረው ሁሉ መዝገብ ላይ ሰፈረ፦ ለማን በስንት እንደተሸጠ፣ ለማን ምን ያህል እንደተቀነሰ። ዳኛው ለከሳሹ ፈረደ፤ ካሳውም ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አሁንም ድረስ በሙያችን ይህ ጉዳይ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሸራ የሠራችው ሴት በዚያ ክርክር ውስጥ የሰዎች ውል መፈጸሚያ ሆና ቀረች።

እሷ ማን ናት? በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት አስተማሪ ናቸው። በ1977፣ በደርጉ ክፉ ዘመን፣ ቤተሰቡ ወደ ሚሺጋን ተሰደደ። ዳካር ተምራለች፤ በ1997 ሮድ አይላንድ ከሚገኘው የዲዛይን ትምህርት ቤት ማስተርሷን ይዛለች፤ በ2005 የማካርተር ሽልማት አግኝታለች።

አሠራሯን ያየ ሰው ዋጋው ለምን እንደተሰቀለ ግማሹ ይገባዋል። ሸራው በአክሬሊክና በሲሊካ ተለብጦ እንደ እምነበረድ እስኪለሰልስ ይፈገፈጋል። የስታዲየም፣ የአየር ማረፊያ፣ የአደባባይ ንድፍ በፕሮጀክተር ይወረወርበትና በቀጭን መስመር ይገለበጣል። ግልጽ ሽፋን ይነፋበታል፣ ደግሞ ይፈገፈጋል፣ ሌላ ንድፍ ይደረብበታል። በመጨረሻ የእጇ ጭረቶች፣ ነጠብጣቦችና ድልዞች ይመጣሉ። በ2012 በጀርመኗ ካሰል ከተማ ያሳየችው «ሞጋማ» አራት ሸራ ነው፤ እያንዳንዱ ከ4.5 ሜትር በላይ ይቆማል። መነሻው በካይሮ ታህሪር አደባባይ ያለው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረው ሕንፃ ነው። በዚያ ሁሉ መስመር መሃል የእኛ መስቀል አደባባይም አለበት።

የቅርብ ጊዜ ሥራዎቿ ግን ከሥር የሕንፃ ንድፍ የላቸውም። የዜና ፎቶዎችን፣ ቃጠሎን፣ ተቃውሞን፣ ጦርነትን በኮምፒውተር እስከማይለዩ አደብዝዛ ሸራው ላይ ትነፋቸውና በላያቸው ትጽፋለች። ገበያው እስካሁን አብዝቶ የከፈለው ለቀደሙት ነው፤ ሁለቱም ክብረ ወሰኖች የ2001 እና የ2008 ሥራዎች ናቸው። በእኔ ዓይን ግን ኋለኞቹ ይበልጣሉ። መስመሩ ተመልካቹን ስለሚመራው የቀደሙት ይቀልላሉ፤ በኋለኞቹ ፊት የቆመ ሰው የሚደገፈው ነገር የለውም።

ስለ ገንዘብ ሲወራ ለጎልድማን ሳክስ ባንክ የሠራችው ሥዕልም ሳይነሳ አያልፍም። በ2009 ለተጠናቀቀው 24 ሜትር ርዝመት ላለው ሥዕል 5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላት ተብሎ ብዙ ተወራ። ከዚያ አብዛኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ለረዳቶች ደሞዝና ለሥራው ወጪ መዋሉ ግን እምብዛም አይነሳም። ሥዕሉ ማንሃተን ውስጥ በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት መግቢያ አለ፤ በመስተዋቱ በኩል ከመንገድ ስለሚታይ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

በ2016 ሥራዎቿን አዲስ አበባ አምጥታ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳይታለች። ረቂቅ ሥዕልን ለአገራችን ካስተዋወቁት አንዱ የነበረውና በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ ያረፈው ሰው ስም ባለበት ቤት መሆኑ ለእኔ ከየትኛውም ጨረታ ይበልጣል። እዚያ ሥራዎቿ የሚታዩ እንጂ የሚሸጡ አልነበሩም።

እሷም የራሷን ገንዘብ የት እንደምታደርስ ታውቃለች። በ2024 ኒውዮርክ ላለው ዊትኒ ሙዚየም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታ፣ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሁሉ ለ3 ዓመት በነፃ እንዲገቡ አድርጋለች። ልጆቻችሁ እዚያ አካባቢ ካሉ ጊዜው ሳያልፍ ላኳቸው።