የፕሮግራም ጸሐፊዎች መዝገብ

አንድ ሰው ብቻውን የጻፈውን ራሱ ቢያርመው ብዙ ችግር አይደርስበትም። ብዙዎች ሆነው አንዱን ጽሑፍ በየቤታቸው ሲያርሙት ግን የመጨረሻው የትኛው እንደ ሆነ፥ ማን ምን እንደ ለወጠና ስለ ምን እንደ ለወጠ ማወቅ ያስቸግራል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህን ችግር በምን ዘዴ እንዳቃለሉት በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ማርክ ሮችካይንድ የተባለ ሰው በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ «ኤስ ሲ ሲ ኤስ» የተባለውን መዝገብ አዘጋጀ። በዚያ ዘዴ አንዱ ፋይሉን ለማረም ሲይዘው ሌላው ተራውን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራበትን «ጊት» የጀመረው ግን የፊንላንድ ተወላጅ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ይኸውም በ2005 ዓ.ም. እርሱና የሊኑክስ ባልደረቦቹ ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር በነጻ መሰጠቱ ስለ ቀረ ነው።

በጊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ጽሑፉን ከነታሪኩ በራሱ ኮምፒዩተር ይይዛል። አንድ ሥራ ሲፈጽም «ኮሚት» ያደርጋል፤ ማለት የለወጠውን ከስሙ፥ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋራ ያስመዘግባል። ለዚህም ከይዘቱና ከቀዳሚው ኮሚት ቍጥር ተሰልቶ የሚወጣ፥ ብዙውን ጊዜ 40 ምልክት ያለው መለያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ከቀድሞው መዝገብ አንዲት ፊደል ብትለወጥ የእርሱም የተከታዮቹም መለያ ስለሚለወጥ በስውር መደለዝ አይቻልም።

ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በየፊናቸው ቢለውጡትስ? ባለፈው ዓመት እኔና ሦስት ጓደኞቼ የቤተ መጻሕፍት መዋሻ ፕሮግራም ስንጽፍ ይህ ደረሰብን። አንዱ መጽሐፍ የሚመለስበትን ጊዜ 7 ቀን፥ ሌላው 14 ቀን አድርገው ጻፉ። ጊት ለማንም አላደላም፤ ሁለቱንም አስቀምጦ ፍርዱን ለእኛ ተወው። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ብንጠይቃቸው ደንቡ 14 ቀን መሆኑን ነገሩን። 7 ቀን ተብሎ ቢቀር ኖሮ ስንቱ ተማሪ ያለ ጥፋቱ መቀጫ በከፈለ ነበር!

ይሁን እንጂ ጊት የሚጠብቀው ያስመዘገቡትን ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ቢጠፋ መዝገቡ አብሮ እንዳይጠፋ ቅጂውን በሌላ ስፍራ ማኖር ይገባል።

ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ የምትጀምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መዝገብ ያዙ። በምክንያቱም ስፍራ «አስተካከልሁ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ምን እንዳስተካከላችሁና ስለ ምን እንደ ሆነ ጻፉ። እኛ ትምህርታችንን ፈጽመን ስንሄድ ሥራውን የሚረከበው ተማሪ ከዚያ መዝገብ በቀር የሚጠይቀው አያገኝምና።