ኩንታሉ ስንት ሊትር ይጠጣል?

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ጭነት በዓይኑ ፊት ያልፋል። አንደኛው ከዘጌ በኩል በደንገል ታንኳ የሚመጣው እንጨት ነው፤ የታንኳው ናፍጣ የቀዛፊው ክንድ ነውና የነዳጅ ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ አይገደውም። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ሲሚንቶና ዘይት ጭኖ የሚገባው ካሚዮን ነው። የዚህ ነገር ግን ሌላ ነው።

በቅርቡ ሲሚንቶ የሚያራግፉ አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር አግኝተን፣ «ጋሼ፣ ሁሉ ነገር የተወደደው በናፍጣ ምክንያት ነው ይባላል፤ እውነት ነውን?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እስቲ አስሉት!» ብለው ሣቁብን። እኛም እያፈርን እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን።

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት አለ፤ ዳገቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነውና ሞተሩ ያለ ልክ ይጠጣል። 200 ኩንታል የጫነ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ይፈጃል ብንል፣ ለመንገዱ 200 ሊትር ያስፈልገዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ኩንታል አንድ ሊትር ናፍጣ ይጠጣል ማለት ነው። መኪናው በመልሱ የጎጃም ጤፍ ሳይጭን ባዶውን ከሄደ ግን ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል።

መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ሆነ። በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ናፍጣው ራሱ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጂቡቲ በቦቴ የሚመጣው ናፍጣ እየጠጣ ነው።

በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት 50 ብር ያህል ነው። ይህም በኩንታል 50 ብር፣ በኪሎ 50 ሳንቲም ማለት ነው፤ ባዶ መልሱ ቢታከልበት አንድ ብር ይሆናል። ዕቃው ከወደብ የመጣ እንደ ሆነ የዚያ መንገድ ናፍጣ ይጨመርበታል። ታዲያ በኪሎ 10 ብር ጨምሮ «ናፍጣ ነው» የሚል ነጋዴ ቢገጥመን፣ የቀረው ብር ወዴት ሄደ?

ሒሳባችንን ለሾፌሩ ብናሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «የረሳችሁት አለ፤ መኪና ቆሞም ይበላል» አሉን። እውነት ነው። ናፍጣ ለመቅዳት ተሰልፎ ያደረ መኪና፣ ሰልፉ ቢመርረው ከጥቁር ገበያ በእጥፍ የገዛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ተዘግቶበት የሰነበተ፣ ጎማና መለዋወጫ የተወደደበት ሁሉ ኪሣራውን በጭነቱ ላይ ይጥለዋል። ጭነቱም በነጋዴው ላይ፣ ነጋዴውም ትርፉን አክሎ በሸማቹ ላይ ይጥለዋል። ሸማቹ ግን የሚጥልበት የለውም።

የዓለምን የነዳጅ ዋጋ ከባሕር ዳር ሆኖ የሚያወርድ ማንም የለም። ሰልፍን ማሳጠር፣ ለመልስ ጉዞ ጭነት ማገናኘት፣ በአንድ ማኅተም ምክንያት መኪና እንዳያድር ማድረግ ግን በየቢሮው የተቀመጥን ወጣቶች ሥራ ነው። ተማሪውም «ናፍጣ ነው» ሲባል ዝም ብሎ አይክፈል፤ «ስንት ሊትር?» ብሎ ይጠይቅ።