ተጨማሪው ትምህርት የት ይቀመጥ?

ዘ ኦዲን ፕሮጀክት ድረ ገጽ መሥራትን ከሀ ጀምሮ በነጻ የሚያስተምር የኢንተርኔት ኮርስ ነው። ትምህርቱ በሙሉ ጊትሃብ ላይ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ስህተት ያገኘ ተማሪ ራሱ አርሞ እንዲገባለት ሊያቀርብ ይችላል። ጀማሪው ፋውንዴሽንስ ከሚባለው መሠረታዊ ክፍል ተነሥቶ ጊትን፣ ኤችቲኤምኤልን፣ ሲኤስኤስንና የጃቫስክሪፕትን መነሻ ይማራል፤ ከዚያ በጃቫስክሪፕት ወይም በሩቢ ኦን ሬይልስ ከሚቀጥሉት ሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። ኮርሱ የሚወደሰው ነጻ በመሆኑና በሚያሠራቸው ፕሮጀክቶች ነው። እኔ ግን ትልቁ ብልሃቱ ብዙም በማይወራለት ነገር፣ ተጨማሪ ትምህርቶችን ባስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው እላለሁ።

ማንኛውም ኮርስ ከዋናው መስመር የሚተርፍ ነገር አያጣም፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ቪዲዮ፣ መለማመጃ ጨዋታ፣ ጠለቅ ያለ ጽሑፍ። አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ከዋናው ትምህርት ጋር በአንድ ማውጫ ውስጥ ደባልቀው ያሰልፉታል፤ አለዚያም አንድ የመርጃዎች ገጽ ከፍተው እዚያ ያከማቹታል። መደባለቁ ጀማሪውን ያደክመዋል፤ የቱን ማለፍ እንደሚችል ስለማያውቅ ሁሉንም ግዴታ አድርጎ ይወስደዋል። ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያሰላስለው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ምን ላንብብ በሚል ውሳኔ የባከነው ኃይል ለትምህርቱ አይተርፍም። ማከማቸቱ ደግሞ ተጨማሪውን በሚያስፈልግበት ሰዓት ከተማሪው ዓይን ያርቀዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ተጨማሪውን መቼ እንደሚያስፈልግ ሳይጠይቁ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ አይተው ስለሚመድቡት ነው።

ፍሌክስቦክስ የሚባለውን የሲኤስኤስ ማሰለፊያ ዘዴ የሚያለማምደውን ፍሌክስቦክስ ፍሮጊ የተባለ ጨዋታ እንውሰድ። 24 ደረጃዎች አሉት፤ ተጫዋቹ የሲኤስኤስ ትእዛዝ እየጻፈ እንቁራሪቶችን ውሃ ላይ ወደተንሳፈፉ ቅጠሎች ያደርሳል። በመጀመሪያው ደረጃ ጀስቲፋይ ኮንተንት ለሚባለው ትእዛዝ ፍሌክስ ኤንድ የሚል ዋጋ ሲሰጥ፣ በግራ ዳር የነበረችው እንቁራሪት በቀኝ ያለው ቅጠል ላይ ትገኛለች። ይህን ጨዋታ "ጨዋታዎች" ወይም "ሲኤስኤስ" ከሚል ርእስ ሥር ማስቀመጥ ስህተት አይባልም፤ ግን ማንንም አይረዳም። የሚጠቅመው የፍሌክስቦክስን አሰላለፍ አሁን አንብቦ ጨርሶ፣ ሐሳቡ ገብቶት እጁ ላልፈታለት ተማሪ ነው። ስለዚህ ቦታው እዚያው፣ ከትምህርቱ ግርጌ ነው። ኦዲን ያደረገውም ይህንኑ ነው። የኮርሱ ማውጫ የሚያሳየው ዋናውን የትምህርትና የፕሮጀክት ቅደም ተከተል ብቻ ሲሆን፣ ተጨማሪው ከየትምህርቱ መጨረሻ ግዴታ አለመሆኑ ተነግሮ ይቀመጣል። ኤችቲኤምኤል ራሱም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ለዋናው ማውጫ ናቭ፣ ከዋናው ሐሳብ ጎን ለሚሄደው ደግሞ አሳይድ የሚባሉ የተለያዩ ምልክቶች አሉት።

እርግጥ ተጨማሪ ሁሉ ክፍተት የሚሞላ አይደለም፤ አድማስ የሚያሰፋም አለ። ስለ ድረ ገጽ ፍጥነት የሚያስተምር ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ሥር ቢንጠለጠል ያለ ጊዜው የመጣ ነው። በሞዚላ ሥር ያለው ኤምዲኤን የተባለው የድረ ገጽ ሥራ ማጣቀሻ የማስተማሪያ ክፍሉን መነሻ፣ ዋናና ማስፋፊያ ብሎ ከፍሎ ፍጥነትንና ፍተሻን በማስፋፊያው ውስጥ ሲያደርግ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ ተደራሽ የሆነ ገጽ መሥራትን ግን በዋናው ውስጥ አስገብቷል። ውሳኔው ትክክል ነው። ዓይነ ስውር የማይጠቀምበትን ገጽ ሠርቶ ማስረከብ በኋላ ይስተካከላል ተብሎ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም።

"ግዴታ አይደለም" የተባለውን ማን ይከፍተዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞም ነው። መልሱ ግን ማስገደድ ሳይሆን ተማሪው ክፍተቱን ራሱ እንዲያየው ማድረግ ነው። በኦዲን ትምህርቶች መጨረሻ የመፈተኛ ጥያቄዎች አሉ፤ መልሱ የጠፋበት ተማሪ ጥያቄውን ሲጫን መልሱ ወዳለበት ቦታ ይወስደዋል። ያንን ደግሞ አንብቦም ያልገባው ሰው ተጨማሪውን የሚከፍትበት ምክንያት አግኝቷል። ሁሉም በአንድ ገጽ ቢሰበሰብ ለፍለጋ ይቀላል የሚሉም አሉ። ለሚያውቅ ሰው እውነት ነው፤ የሚፈልገውን ስም ያውቀዋልና። ጀማሪው ግን የጎደለውን ነገር ስም ገና አያውቅም። ለነባሩ የፊደል ተራ ዝርዝር ቢዘጋጅለት ምንም አይከፋም፤ ዋናውን ቦታ እስካልተካ ድረስ። የውጭ ሊንኮች በጊዜ ብዛት መሞታቸውም አይቀርም፤ ከእያንዳንዱ ትምህርት ሥር የተመረጡ ሁለት ሦስት ብቻ ሲኖሩ ግን የሞተውን ለይቶ መንቀል ከባድ ሥራ አይሆንም። አንድ ተጨማሪ ሳይከፈት ፕሮጀክቱን መጨረስ ያቃታቸው ተማሪዎች ከበዙ ደግሞ፣ ያ ነገር ከመጀመሪያውም ተጨማሪ አልነበረምና ወደ ዋናው ትምህርት መግባት አለበት።