“ከሕግ ውጭ ነን” ባይ የሞተር ሳይክል ክለቦች፦ ወንድማማችነቱና ዋጋው

ወገን የሌለው ወጣት ወገን ይፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ “ከሕግ ውጭ ነን” የሚሉ የሞተር ሳይክል ክለቦች አባል የሚስቡትም በዚሁ ነው። “ወንድም እንሆንሃለን” ይሉታል፤ ወንድማማችነቱ ግን ዋጋ አለው።

ከክለቦቹ በዝና ቀዳሚው ሄልስ ኤንጅልስ በ1948 እ.ኤ.አ በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። የእንዲህ ዓይነት ክለቦች አባላት “አንድ በመቶ” የሚል ምልክት ይለጥፋሉ፤ ከመቶ ሞተረኞች 99ኙ ሕግ አክባሪ ቢሆኑ እኛ የቀረው አንዱ ነን ማለታቸው ነው። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ክለቦች በርካቶቹን ከአደንዛዥ ዕፅ ንግድና ከተደራጀ ወንጀል ጋር ያያይዛቸዋል። ክለቦቹ በበኩላቸው የጥቂት አባላት ጥፋት የክለቡ ጥፋት አይደለም ሲሉ ይከራከራሉ።

አባልነት በአንድ ጀምበር አይገኝም። አመልካቹ አስቀድሞ ከአባላቱ ጋር እየዋለ ጠባዩ ይታያል። ቀጥሎ ዕጩ ይሆናል፤ በግብዣ ላይ ያስተናግዳል፣ የአባላቱን ሞተሮች ይጠብቃል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ይህ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። በመጨረሻ አባላቱ በድምፅ ሲቀበሉት የክለቡ ሙሉ አርማ በሰደርያው ጀርባ ላይ ይሰፋለታል። ሴቶች በአባልነት አይመዘገቡም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በደንብ የታጠረ ነው። ፕሬዚዳንት፣ ገንዘብ ያዥና ሥርዓት አስከባሪ አሉ፤ መዋጮ ይከፈላል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከስብሰባ መቅረት ያስቀጣል። አርማው የክለቡ ንብረት በመሆኑ የሚወጣ አባል መልሶ ያስረክባል። ተዋርዶ የተባረረ ደግሞ የክለቡን ንቅሳት ከገላው እንዲያጠፋ የሚገደድበት ጊዜ አለ።

የአንዱ ጠብ የሁሉም ጠብ ይሆናል። በካናዳ ኩቤክ ግዛት ከ1994 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሄልስ ኤንጅልስና ሮክ ማሽን የተባለው ተቀናቃኙ በዕፅ ገበያ ሳቢያ ለዓመታት ተዋግተው ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ1995 እ.ኤ.አ በሞንትሪያል ከተማ በመኪና ላይ የተጠመደ ፈንጂ በአቅራቢያው የነበረ የ11 ዓመት ልጅ ገደለ። ልጁ ከየትኛውም ወገን አልነበረም። የሕዝቡ ቁጣ አይሎ፣ የአገሪቱ ፓርላማ በ1997 እ.ኤ.አ የወንጀል ቡድኖችን የሚመለከት ሕግ አወጣ።

ሞተር መንዳትም፣ በማኅበር መሰብሰብም ወንጀል አይደለም። ማኅበርን ከወንጀለኛ ቡድን የሚለየው ከአባሉ የሚጠይቀው ነገር ነው። እውነተኛ ወንድም “ተው” ሲባል ይሰማል፤ እንዲህ ባለው ቡድን ውስጥ ግን “ተው” ባዩ እንደ ከሃዲ ይቆጠራል።