ስለ ፋብሪካ መክሰስ መስፋፋትና በሕፃናት ጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ምግብ ሁሉ ሆድ ይሞላል፤ ሆድን የሞላ ነገር ሁሉ ግን ሰውነትን ይገነባል ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ለማስረዳት ስንል ይህን አጭር ጽሑፍ ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን አቅርበናል።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለገና ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ለሦስት ዓመት እኅቱ ብስኩትና ከረሜላ ይዞላት ሄደ። ሕፃኒቱም ስጦታዋን ከተቀበለች በኋላ ለእራት የቀረበላትን ሽሮ በእጇ ገፋችው። እናቲቱ ይህን አይታ «ዛሬስ እህል ሳትቀምስ ጠገበች» አለች። ይህ የእናት አነጋገር የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ነው። እህል ሳይቀምሱ መጥገብ በሕፃን አካል ላይ ምን እንደሚያስከትል ቀጥለን እንመለከታለን።

1. የፋብሪካ መክሰስ ማለት ምን ማለት ነው?

ጧት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በአዲስ አበባ ከአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር አጠገብ የቆመ ሰው፣ ሕፃናት በትንሿ ሱቅ መስኮት ተሰብስበው ሲገዙ ያያል። የሚገዙትም በላስቲክ የታሸገ ችፕስ፣ ብስኩት፣ ዋፈር፣ ከረሜላና በስኳርና በቀለም የተበጠበጠ መጠጥ ነው። ይህን የመሰለውን ምግብ ብዙ ሰው በእንግሊዝኛው ስሙ «ጃንክ ፉድ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም ውዳቂ ምግብ እንደ ማለት ነው። ዳሩ ግን መስደብ ነገሩን አያስረዳምና እኛ «የፋብሪካ መክሰስ» ብለን እንጠራዋለን።

መክሰስ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮና ንፍሮ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለመንገድና ለሥራ ቦታ ሲይዟቸው የኖሩ ናቸው። ብዙዎቻችንም የሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪዎች ሳለን ከቤት የሚላክልንን በሶ እየበጠበጥን ረኀባችንን አስታግሠናል። ታዲያ የገብስ ቆሎ መክሰስ ከሆነ፣ ብስኩትም መክሰስ ከሆነ፣ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት ሊቃውንት አንዱ በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ካርሎስ ሞንቴሮ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ «ኖቫ» በተባለው አከፋፈል ምግብን በያዘው ንጥረ ነገር ብቻ ሳይሆን በተሠራበትም መንገድ ይመድቡታል። በዚህ መሠረት አራት ክፍሎች አሉ። አንደኛው እንደ እህል፣ ወተት፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ያለው ከተፈጥሮው ብዙ ያልራቀ ምግብ ነው። ሁለተኛው ለማብሰያ የሚያገለግሉት ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨውና ስኳር ናቸው። ሦስተኛው ከሁለቱ ተደባልቆ የሚሠራው ነው፤ ለምሳሌ ተራ ዳቦና አይብ። አራተኛው ግን ከእህል ተነጥሎ በወጣ ስታርች፣ በስኳር፣ በተጣራ ዘይት፣ በማጣፈጫና በማቅለሚያ በፋብሪካ የሚቀናበር ነው። ቆሎ የተቆላ ገብስ ነው፤ ገብስነቱም ይታያል። በቀለም የተበጠበጠውን መጠጥ ግን ማንም ሰው የዚህ ተክል ፍሬ ነው ሊል አይችልም።

አከፋፈሉ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም፤ በሊቃውንት መካከልም ክርክር አለበት። ሆኖም ነገሩ በሥራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ኬቪን ሆልና ጓደኞቻቸው 20 ጎልማሶችን በአንድ ቦታ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት የፋብሪካውን ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ተራውን ምግብ እንዲበሉ አደረጉ። በሁለቱም ጊዜ የቀረበው የካሎሪ፣ የስኳር፣ የቅባትና የጨው መጠን ተመሳሳይ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚበሉ ግን ለራሳቸው ተተወ። ሰዎቹ የፋብሪካውን ምግብ በበሉበት ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም በአማካይ 1 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ክብደት ጨመሩ። አዋቂ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ለመብላትና ለመተው ገና ያልሠለጠነው ሕፃን እንዴት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

2. ጉዳቱ በአገራችን ከየት ይጀምራል?

በሌሎች አገሮች ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መግለጫ፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት የዓለም ልጆች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት 9.4 በመቶ ሲደርሱ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያነሰው 9.2 በመቶ ሆነዋል። የወፈሩት ከከሱት ሲበልጡ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከዚህ ውጭ ሆነው የተገኙት ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ነገሩ እኛን አይመለከተንም» ይል ይሆናል። እኛ ግን የምናስበው በተቃራኒው ነው። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያነሱ፣ ማለት የቀነጨሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከሦስት ሕፃናት አንዱ የቀነጨረ ነበር ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃውን ያህል ምግብ የሚያገኙት ከ100ው 7ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በእኛ አገር የፋብሪካ መክሰስ የሚገባው ጥጋብ ወዳለበት ቤት ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ምግብ በጎደለበት ቤትም ይገባል። የመጀመሪያ ጉዳቱም ሕፃኑን ማወፈሩ ሳይሆን የጥሩውን ምግብ ቦታ መውሰዱ ነው።

ይህን በቁጥር ለማስረዳት ይቻላል። ከ12 እስከ 23 ወር ያለ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከጡት ወተት ሌላ ከምግብ የሚያስፈልገው በቀን 550 ካሎሪ ያህል ነው። 50 ግራም ብስኩት 230 ካሎሪ ያህል አለው። እንግዲህ አንድ ትንሽ እሽግ ብስኩት የበላ ሕፃን ከቀኑ ድርሻ ከ100 እጅ ከ40 እጅ በላይ የሚሆነው አለቀበት ማለት ነው። ለደሙ የሚያስፈልገውን ብረት፣ ለአጥንቱና ለጡንቻው የሚያስፈልገውን ፕሮቲን፣ በሽታ የሚከላከልበትን ዚንክና ቪታሚን ሁሉ በቀረችው ጥቂት ቦታ ማግኘት አለበት። ሆዱ ትንሽ ስለሆነና ስለ ጠገበ ግን አይበላም።

በአንጻሩ እንጀራ በሽሮ ብንመለከት፣ ሽሮው ከአተር፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ የተዘጋጀ ስለሆነ ፕሮቲን አለው። የእንጀራውም ሊጥ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፊታት የተባለው ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ይቀበላል። እንቁላል ወይም ወተት የተጨመረበት እንደሆነ ደግሞ የበለጠ ይሆናል።

3. ስለ ስኳርና ስለ ጥርስ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ ማነስ እንደሚገባው ይናገራል፤ ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። የስድስት ዓመት ልጅ በቀን 1,400 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል ብንል፣ 10 በመቶው 140 ካሎሪ፣ ማለት 35 ግራም ስኳር ነው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ስኳር ከ30 ግራም በላይ ስለሆነ፣ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን ወሰን ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ጥርስ የሚበላሽበትም መንገድ የታወቀ ነው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ ይህን ጉዳት ቀስ በቀስ ይጠግናል፤ ለመጠገን ግን ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከረሜላን በየሰዓቱ አንድ አንድ እያደረገ የሚመጥ ልጅ በአንድ ጊዜ ከምግብ ጋር ከሚበላው ይልቅ ይጎዳል፤ ምራቁ ፋታ አያገኝምና። ጥርሱ የሚያመው ልጅ ደግሞ ምግብ አያላምጥም፣ ሌሊት አይተኛም፣ በክፍልም ትምህርቱን አይከታተልም።

4. ጉዳቱ ከሕፃንነት አልፎ

እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ የቆዩ የልደት መዝገቦችን መርምረው፣ በማኅፀንና በሕፃንነት ጊዜ ምግብ ያጠረው ሰው በጎልማሳነቱ ለልብ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥ አስረድተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮችም፣ በመጀመሪያ ተጎድቶ ኋላ በፍጥነት የሚወፍር ልጅ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት የተጋለጠ መሆኑን ያመለክታሉ። በብዛት የቀነጨሩ ሕፃናት ባሉበት አገር የፋብሪካ መክሰስ መስፋፋቱ አሳሳቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በልጅነቱ ያጠረው ሰው በጎልማሳነቱ ሲወፍር ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ አካል ላይ ይገናኛሉ።

5. ወላጆች ለምን ይገዙታል?

ወላጆችን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ጧት ማልዳ ወደ ሥራ የምትሄድ እናት ምግብ ለማብሰል ጊዜም ማገዶም ያጥራታል። ብስኩት አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ዝንብ አያርፍበትም። በመንገድ ዳር ከሚሸጠው ያልተከደነ ምግብ ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይታያታል፤ በዚህም ብዙ አልተሳሳተችም። ከዚህም በላይ ብስኩትና ለስላሳ የፍቅርና የክብር ምልክት ሆነዋል። ልጅ ወዳለበት ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ እንግዳ ሁሉ በመንገዱ ካለው ሱቅ ጎራ ይላል።

ለዚህ ነው በአንዳንድ አገሮች ነገሩ ለወላጆች ምክር ብቻ ያልተተወው። ሜክሲኮ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2014 ጀምሮ በስኳር መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ቀረጥ ጣለች፤ በሁለተኛው ዓመት የመጠጡ ግዢ ወደ 10 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ቅባት የበዛበት እሽግ ሁሉ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍበትና በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ አዘዘች። በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በስኳር መጠጥ ላይ ቀረጥ ጀመረች። በእኛም ከተማ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባል። ይህ ሥራ ረኀብን ከማስታገሡ ሌላ፣ ጠግቦ የተቀመጠ ልጅ ወደ ሱቁ መስኮት እንዳይሮጥ ይረዳል ብለን እናምናለን።

6. ማጠቃለያ

እስካሁን ከተናገርነው የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ለእኛ ሕፃናት የፋብሪካ መክሰስ ትልቁ ጉዳቱ በውስጡ ባለው ብቻ ሳይሆን በሚያስቀረውም ነው። አንድ ብስኩት አልፎ አልፎ መበላቱ ሕፃንን አይጎዳም፤ የእራትን ቦታ ሲወስድ ግን ይጎዳዋል።

ቀረጥ መጣልና ምልክት ማስለጠፍ የመንግሥት ሥራ ነው። የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ግን በሻንጣችን ውስጥ ነው። ለበዓል ወደ አገር ቤት ስንሄድ ታናናሾቻችን እጃችንን ያያሉ። ከከተማ ተማሪ ወንድም ወይም እኅት የተቀበሉትን ነገር ከሁሉ የበለጠ አድርገው ይቆጥሩታል፤ የሚበላው የከተማ ምግብ ነው፣ ሽሮው የድኻ ምግብ ነው የሚለውን ትምህርት የሚማሩትም ከእኛ ነው። ስለዚህ ብርቱካንና ሙዝ ብንይዝላቸው፣ ከፍ ላሉትም ለውዝና ቆሎ ብንጨምርላቸው መልካም ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ግን ለውዝና ቆሎ ሊያንቃቸው ስለሚችል አይሰጣቸው። ደብተርና እርሳስም ቢሆን ስጦታ ነው።

በመግቢያችን ያነሣነው ባልንጀራችን ለሚመጣው ፋሲካ ለእኅቱ ብርቱካን ይዞላት ለመሄድ አስቧል። እናቱም በዚያን ዕለት ልጇ እህል ቀምሳ እንደ ጠገበች ለማየት ትበቃ ይሆናል።